«ፓላዞ» ሁሉ ቤተ መንግሥት አይደለም

በጣሊያኗ ከተማ በሲየና የሚገኘው «ፓላዞ ፑብሊኮ» በተነሳ ቁጥር «የትኛው ንጉሥ ኖረበት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ማንም ንጉሥ አልኖረበትም።

በጣሊያንኛ «ፓላዞ» ትልቅና የተከበረ ሕንፃ ማለት ነው፤ የመኳንንት ቤትም፣ ፍርድ ቤትም ሊሆን ይችላል። የማን እንደሆነ የሚነግረን ተከታዩ ቃል ነው። «ፑብሊኮ» የሕዝብ ማለት ስለሆነ፣ እኛ ማዘጋጃ ቤት የምንለው ነው። («ቤተ መንግሥት» በጥሬው ቢፈታ ያስኬድ ነበር፤ ግን ስንሰማው የሚታየን ዙፋን ነው።)

ብዙዎችን የሚያሳስተው መኝታ ክፍል የነበረው መሆኑ ነው። ግንባታው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሲጀመር ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት «ዘጠኙ» የሚባሉት ሹማምንት በየሁለት ወሩ ይቀየሩ ነበር፤ ተራቸው እስኪያልቅም እዚያው ያድሩ ነበር። በ1297 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ ደግሞ ከሕንፃው ፊት ባለው አደባባይ ዙሪያ የሚሠሩ ቤቶች መስኮታቸው በቀጭን ዓምድ የተከፈለ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ዛሬም ከሕንፃው ፊት ቆሞ ለሚያይ፣ ታችኛው ፎቅ ነጣ ያለ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ቀይ ጡብ ነው።

ከምንጭ ምንጭ የሚለያየው የሕንፃው ማማ ቁመት ነው፤ አንዱ 88፣ ሌላው 102 ሜትር ይላል። ትልቁ ቁጥር የመብረቅ መከላከያ ዘንጉን ጨምሮ ነው።

የፍሎረንሱ «ፓላዞ ቬኪዮ» ግን ይለያል፤ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ተሠርቶ፣ በ1540 እ.ኤ.አ. የከተማዋ መስፍን ቀዳማዊ ኮሲሞ ገብቶ ኖሮበታል።