«ከስሬያለሁ» ማለት መክሰር አይደለም፦ ስለ ኪሳራ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንድ ሐጂ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው ቢሮዬ መጡ። በእጃቸው ጥቁር ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ሰባት የዱቤ ደብተር። ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ስልካቸውን አውጥተው ቨርጂኒያ ያለ የወንድማቸው ልጅ የላከውን ድምፅ አሰሙኝ። «አጎቴ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ኪሳራ ያውጁ! እዚህ ሰው ያውጃል፣ በጥቂት ወራት ዕዳው ይሰረዝለታል» ይላል። ሐጂ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲህ ልጄ፣ እወጃው የት ነው የሚጻፈው?» አሉኝ።

የነጋዴ ሒሳብ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ጥያቄ በተለያየ መልክ ከሸዋ በር እስከ ኮምቦልቻ ሰምቼዋለሁ። ከጥያቄው ጋር አብረው የሚመጡትን ስሕተቶች አንድ በአንድ ላንሣቸው።

«ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል፤ ከስሯል»

አልከሰረም፤ ጠፍቷል። በሕግ ዓይን ኪሳራ የሚባለው ዕዳውን በጊዜው መክፈል ያቆመን ነጋዴ ጉዳይ ፍርድ ቤት አይቶ ሲወስን ነው። አቤቱታውን ባለዕዳው ራሱ ሊያቀርብ ይችላል፤ ገንዘብ ጠያቂም ሊያቀርብበት ይችላል። ውሳኔው ሲሰጥ ንብረቱን የሚሰበስብና የሚያስተዳድር ሰው ይሾማል፤ ባለገንዘቦች ማስረጃቸውን ይዘው ይቀርባሉ፤ የተገኘው ሀብት በሕጉ ቅደም ተከተል ይከፋፈላል። ቀድሞ የደረሰ ሁሉን ጠራርጎ እንዳይወስድ፣ ዘግይቶ የሰማም ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። በሌሊት መዝጊያውን ቆልፎ የሄደ ሰው ግን ይህ ሁሉ የለውም። እያንዳንዱ አበዳሪ በየፊናው ይከሰዋል፣ ወለዱ ይቆጥራል፣ መጥሪያው በሌለበት በር ላይ ይለጠፋል።

«እንደ አሜሪካው ማንም ሰው ኪሳራ ማወጅ ይችላል»

የወንድም ልጅ አልዋሸም፤ የተናገረው የሚኖርበትን አገር ሕግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደመወዝተኛ ግለሰብ እንኳ በኪሳራ ሕጉ ምዕራፍ 7 መሠረት ለፌደራል የኪሳራ ፍርድ ቤት አመልክቶ የክሬዲት ካርድና የሕክምና ዕዳውን ማሰረዝ ይችላል። የልጅ ቀለብን የመሰለ ዕዳ ግን እዚያም አይሰረዝም። ኪሳራውም በብድር ታሪኩ ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። የስልክ መልእክቱ ግን ይህን አይጨምርም።

የእኛ ሥርዓት የተዘረጋው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግም እንዲሁ ነበር፤ የኪሳራውን ክፍል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም ከነጋዴና ከንግድ ማኅበር አልወጣም። ደመወዙን አስይዞ የተበደረ መምህር ወይም ለልጁ ሠርግ ከጎረቤት የወሰደ የቃሉ ወረዳ ገበሬ በዚህ በር አይገባም። የእነርሱ ጉዳይ ውል ነው፤ ተነጋግሮ ማራዘም፣ ካልሆነም ተከሶ በአፈፃፀም፣ ማለት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ንብረት ተይዞ፣ መክፈል። አፈፃፀምም ቢሆን ልብስ አስወልቆ አይወስድም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የቤተሰቡን ልብስ፣ መኝታና የማብሰያ ዕቃ፣ መተዳደሪያ መሣሪያ፣ ለሦስት ወር የሚያስፈልግ ምግብና ገንዘብ እንዳይያዝ ይከለክላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብርድ ልብሱን ጎረቤት ሲያሸሽ አይቻለሁ።

ለነጋዴው ደግሞ አዲሱ ሕግ አንድ መልካም ነገር አለው። ሙሉ በሙሉ ከመውደቁ በፊት ዕዳውን መልሶ የሚያዋቅርበትንና ድርጅቱን መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድ ከፍቷል። ሰው ግን የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

«የከሰረውን ሰው ስም ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ነው»

ይህም ከአሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ የኪሳራ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። ፔሰር በሚባል የፌደራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ስም አስገብቶ በገጽ 10 ሳንቲም እየከፈሉ ማንበብ ይቻላል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ የስም መፈለጊያ የለም። መዝገብ ግን አለ፤ በአብዛኛው ወረቀት ላይ ነው፣ በእግር ነው የሚገኘው።

ዕቃ በዱቤ ልትሰጠው ስላሰብከው ነጋዴ ማወቅ ከፈለግህ ከቀላሉ ጀምር። በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የንግድ ፈቃዱን ሁኔታ ኢ-ትሬድ በሚባለው የመንግሥት የንግድ ፈቃድ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። ይህ ስለ ፈቃዱ ይነግርሃል እንጂ ማን እንደከሰሰው አይነግርህም። ቀጥሎ ጋዜጣ ነው። በክልላችን የፍርድ ቤት ጥሪና የሐራጅ ማስታወቂያ በበኵር ላይ ይወጣል፤ የአዲስ አበባው በአዲስ ዘመን። አንድ ሰው ቤቱ ለሐራጅ ሲወጣ ስሙ፣ የቦታው ስፋትና የጨረታው መነሻ ዋጋ እዚያ ላይ ሰፍሮ ታገኘዋለህ። እኔ እነዚያን ገጾች ከስፖርቱ አስቀድሜ ነው የማነባቸው።

ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሱ ነው። ችሎት በመርሕ ደረጃ በግልጽ ነው የሚካሄደው። የመዝገብ ቁጥር ካለህ ሥራው ቀላል ነው፤ ከሌለህ የባለጉዳዩን ሙሉ ስም እስከ አያቱ ይዘህ ሬጅስትራር ትጠይቃለህ። ግልባጭ ለመውሰድ ጉዳዩ ለምን እንደሚመለከትህ በማመልከቻ መግለጽ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ሰበር ድረስ፣ ማለት የሕግ ስሕተት እስከሚታረምበት የመጨረሻ ችሎት፣ ከሄደ ደግሞ የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየቅጹ ካሳተማቸው የሰበር ውሳኔዎች ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ባንኮች የሚያዩት የብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሌላ ነው፤ አንተና እኔ የሰው ስም የምንፈልግበት አይደለም።

«ቀበሌ ወይም ንግድ ጽሕፈት ቤት ያጸድቀዋል»

አያጸድቁም። የኪሳራ ጉዳይ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ለደቡብ ወሎ ደሴ፣ ለሰሜን ወሎ ወልዲያ። ማኅበሩ በፌደራል ደረጃ የተመዘገበ ከሆነ የዳኝነት ሥልጣኑ ይለያልና አስቀድሞ ጠበቃ መጠየቅ ይበጃል።

«ከከሰርኩ ባንኩ ቤቴን አይነካም»

ብዙ ሰው የሚሰበርበት ቦታ ይህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ክስ ሳይመሠርት፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ሲደርስ ፖስታውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ በሽታ ነው። ቀኑ ግን ፖስታው ቢከፈትም ባይከፈትም ይቆጥራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሱቃቸው ተዘርፎ ባዶ መደርደሪያ የጠበቃቸው ሰዎች «ዘረፋው ዕዳውን ያነሣዋል» ብለው ነበር። ዘረፋ በራሱ የባንክ ብድር አይሰርዝም፤ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም ለመደራደር ግን በቂ ምክንያት ነው። ድርድር ደግሞ ከ30ው ቀን በፊት ነው።

«የከሰረ ይታሰራል»

ዕዳ መክፈል ስላልቻለ ብቻ የሚታሰር የለም። የሚያሳስረው ቼክ ነው። ስንቅ የሌለው፣ ማለት ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው፣ ቼክ አውቆ የጻፈ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። ገበያ ውስጥ ቼክ እንደ መያዣ ይሰጣል፤ «አታስገባው፣ ብቻ ያዘው» ይባላል። የያዘው ሰው የተቆጣ ዕለት ያስገባዋል።

«ሳይዘጋብኝ ቤቱን በወንድሜ ስም ላድርገው»

ይህን የሚመክር ዘመድ አይጠፋም። ፍርድ ቤት ለኪሳራው በተቃረበው ጊዜ የተደረገን ስጦታና ሽያጭ ሊያፈርሰው ይችላል፤ ንብረት መደበቁ ደግሞ ንጹሑን ባለዕዳ ወንጀለኛ ያደርገዋል።

«ማኅበር ስለሆነ እኔን አይነካኝም»

በግል የንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ሱቁና ቤቱ አንድ ኪስ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ግን የባለቤቱን ንብረት ይለያል፤ አዲሱ ሕግ በአንድ ሰው እንኳ እንዲቋቋም ፈቅዷል። ነገር ግን ባንክ ለማኅበሩ ሲያበድር የባለቤቱን የግል ዋስትና ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ የፈረመ ሰው የሠራውን አጥር በእጁ አፍርሶታል። ለጓደኛው ማኅበር ዋስ የሆነማ ዕዳ ከሜዳ ነው።

«ሽማግሌ ከጨረሰው ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል?»

ወሎ ውስጥ ይህን መናቅ አይቻልም። ለደም እንኳ አበጋር ተቀምጦ የሚያስታርቅበት አገር ነው፤ የገንዘብ ጠብማ በቡናና በዱዓ ብዙ ጊዜ ይበርዳል። አበዳሪው አንድ ወይም ሁለት ከሆነ እኔም መጀመሪያ የምልከው ወደ ሽማግሌ ነው። ችግሩ አሥር አበዳሪ ሲኖር ነው። ዘጠኙ ተስማምተው አሥረኛው ቢያምፅ የሽማግሌው ስምምነት እርሱን አያስረውም፤ በማግስቱ ክስ መሥርቶ ንብረቱን ያሳግዳል፣ ዘጠኙም ቅሬታ ይዘው ይመለሳሉ። በፍርድ ቤት የጸደቀ ዕቅድ ግን ሕጉ የሚጠይቀውን ድምፅ ካገኘ ያልተስማማውንም ያስራል። ሐጂን ስለ ፍርድ ቤት እንዲያስቡ ያደረጋቸውም ይኸው ነገር ነው። ስድስቱ አበዳሪዎቻቸው እስከ ጥር ታግሠናል ብለዋል፤ አንዱ ግን ስልክ አያነሣም።

«ደብተሬ አለ፤ ማስረጃ አያስፈልገኝም»

ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው የሀብትና የዕዳ መግለጫ ነው፤ ባለገንዘቦቹ ከነአድራሻቸውና ከነመጠናቸው፣ ያለው ዕቃ ከነግምቱ፣ ከሌላ ሰው የሚሰበሰበውም ጭምር። የሐጂን የመጀመሪያ ደብተር ስገልጥ እንዲህ ይላል፦ «የሐይቁ ልጅ፣ 3 ጣቃ። ቀይዋ፣ 2 ነጠላ፣ ግማሹን ሰጥታለች። የአህመድ አማች፣ ያው።»

«ሐጂ፣ ‹ያው› ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ያው ነዋ፤ እርሱ ያውቀዋል።»

የመግለጫውን ሠንጠረዥ አወጣሁና ስም በስም ጀመርን። የሐይቁ ልጅ ሙሉ ስም ሁለት ስልክ ከተደወለ በኋላ ተገኘ። የአህመድ አማች ደግሞ የመጨረሻውን ክፍያ ባለፈው ረመዳን ጨርሻለሁ ብሎ ይምላል። እስካሁን አራተኛው ደብተር ላይ ነን።