«ዩዝድ ቱ» ልማዴ ነው ማለት አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ ለሆቴልና ለቢሮ ሥራ የሚወዳደሩ ወጣቶችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በየዙሩ ሳይቀር የሚመጣ አንድ ስህተት አለ። መስማቱ ሰልችቶኛል።

«ዩዝድ ቱ (used to) ማለት ልማድ አለኝ ማለት ነው» ይላሉ። አይደለም! ልማዱ ነበረኝ፣ አሁን ግን ቀርቷል ማለት ነው።

አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ሐይቁ ዳር ላለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ለመሆን ቃለ መጠይቅ ገባች። ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሏት «አይ ዩዝድ ቱ ሪስፔክት ከስተመርስ» አለች። ደንበኛ ማክበር ልማዴ ነው ማለቷ ነበር። ጠያቂው ቀና ብሎ «ታዲያ ለምን ተውሽው?» አላት፣ በእንግሊዝኛ። ግራ ገባት። አስደገመችው፤ አሁንም አልገባትም። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። የሚያናድደኝ እሷ አይደለችም። ደብተሯ ላይ «ዩዝድ ቱ፦ ልማድን ይገልጻል» ብሎ ያስጻፋት ሰው ነው። «ያለፈ ልማድን» ቢል ምን ነበረበት?

መፈተኛው ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በሉት። ከፊቱ «ድሮ»፣ ከኋላው «አሁን ቀረ» ጨምሩበት። ከተስማማ ዩዝድ ቱ ቦታው ነው። «ሐዋሳ ዩዝድ ቱ ቢ ዘ ካፒታል ኦቭ ዘ ሳውዘርን ሪጅን» ልክ ነው። ከተማዋ ድሮ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ሲዳማ በ2012 ራሱን ችሎ ክልል ሆነ፤ ዛሬ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። «ሐዋሳ ዩዝድ ቱ ሃቭ ኤ ሌክ» ካላችሁ ግን ሐይቁን አደረቃችሁት። ዛሬም ለምታደርጉት ነገር ተራው የአሁን ጊዜ ግስ ይበቃል፦ «አይ ዌክ አፕ ኧርሊ»። ካሻችሁ «ዩዡዋሊ» ጨምሩበት።

«አይ አም ዩዝድ ቱ ብንልም ያው ነው» የሚሉም አሉ። ያው አይደለም። «አም» ስትገባ ትርጉሙ «ለምጃለሁ» ይሆናል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዳችሁ ጥሬ ዓሣ ቀረበላችሁ እንበል። «አይ ዩዝድ ቱ ኢት ሮው ፊሽ» ካላችሁ ድሮ እበላ ነበር፣ አሁን ትቻለሁ ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ ኢቲንግ ሮው ፊሽ» ካላችሁ ለምጄዋለሁ፣ አምጡት ነው። ከሁለተኛው በኋላ የሚመጣው ግስ «ኢንግ» እንደያዘ ልብ በሉ። እየለመዳችሁ ከሆነ ደግሞ «አይ አም ጌቲንግ ዩዝድ ቱ ኢት» ነው።

«ዲድንት ዩዝድ ቱ» ብሎ መጻፍስ? «ዲድንት» ካለ «ዩዝ ቱ» ብላችሁ ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ዲ» ትወድቃለች።

አነጋገሩም «ዩዝ-ድ ቱ» ተብሎ አይቆራረጥም፤ «ዩስቱ» ነው። «ዝ» የሚሰማው «ኤ ናይፍ ኢዝ ዩዝድ ቱ ከት ብሬድ» ሲባል ነው። እዚያ ጋ ቢላዋው ለመቁረጥ ያገለግላል ማለት እንጂ ከልማድ ጋር አይገናኝም።

ቃለ መጠይቅ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ስለ ባሕርያችሁና ስለ ችሎታችሁ ስትናገሩ ዩዝድ ቱን አትንኩት። ለለቀቃችሁት ሥራ ብቻ አቆዩት፤ «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ ኢን ኤ ባንክ» ምንም አይወጣለትም። ሲቪያችሁንም ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩ። «አይ ዩዝድ ቱ ስፒክ ሲዳሙ አፎ፣ አማሪክ ኤንድ ኢንግሊሽ» ብሎ የጻፈ ልጅ አጋጥሞኛል። ሦስቱንም አቀላጥፎ ይናገራል፤ ወረቀቱ ግን ድሮ እናገር ነበር ይላል። «አይ ስፒክ» ብላችሁ ጀምሩት፣ በቃ።