ኢንሱሊን ሲጀመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለስኳር በሽታ በመርፌ የሚሰጠውን ኢንሱሊን የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላብ ሊያጠምቀው፣ ዓይኑ ሊደበዝዝ፣ እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ያን ጊዜ ጎረቤት «ተው፣ ይቅርብህ» ይላል። ከእነዚህ ስሜቶች አብዛኞቹ ግን ወይ በራሳቸው የሚያልፉ ናቸው፣ ወይ ልኩ፣ ሰዓቱና ምግቡ ባለመጣጣማቸው የመጡ ናቸውና ይስተካከላሉ።

«ላብ ላብ አለኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ፤ መድኃኒቱ አልተስማማኝም»

ይህ በደም ውስጥ ያለው ስኳር መውረድ ነው። ኢንሱሊኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ወይ ምግብ ጎድሏል፣ ወይ ልኩ በዝቷል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ መምታት፣ አንደበት መተሳሰር፣ ያለ ነገሩ መቆጣት ምልክቶቹ ናቸው። በመለኪያ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ወርዷል፤ ከ54 በታች ከሆነ አደጋው የቀረበ ነው። መለኪያ ከሌለ ምልክቱን አይቶ እንደወረደ መቁጠር ይሻላል።

ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳም ያገለግላል። 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፤ ካልተነሣ መድገም። ከተነሣ በኋላ እንጀራ ወይም ዳቦ ይበላል። ብዙ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚቀርበው ዳቦ ወይም ቆሎ ነው፤ እሱ ግን ወደ ደም እስኪደርስ ይዘገያል። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ደግሞ ማርም ሆነ ውኃ ፈጽሞ አይጨመር፤ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ ግሉኮስ በደም ሥር ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም በፍጥነት ማድረስ ነው።

ለምን እንደሚወርድ ማወቅ ከሕክምናው አያንስም። ኤንፒኤች የሚባለው ደፍራሽ ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከተወጉ ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ እስከ 10ኛው ሰዓት ድረስ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ሰው ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት መጠንቀቅ አለበት ማለት ነው። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የተለመደውን ልክ ተወግቶ ከዋለ እዚያው ሰዓት ላይ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ የንስሐ አባትንም ሐኪምንም ማነጋገር ያስፈልጋል። ለጤፍ አጨዳ የወጣ ወይም ገበያ በእግሩ ደርሶ የተመለሰም እንዲሁ ነው፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳር ይበላል። ስኳር በኪስ ይያዝ። አረቄ ደግሞ ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ ያግዳል፤ በባዶ ሆድ ከተጠጣ ሌሊት ላይ ሊያወርድ ይችላል፤ ቤተሰብም ስካር መስሎት ዝም ይለዋል። ማታ 1 ሰዓት ኤንፒኤች የሚወጋ ሰው በላብ ተነክሮ፣ ቅዠት አይቶ ወይም ራሱን አሞት ከነቃ ሌሊት ወርዶበት ሊሆን ይችላል።

ያለ ግልጽ ምክንያት ከወረደ ለሐኪሙ ይነገር፤ ብዙ ጊዜ ልኩ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀነሳል፤ 20 ዩኒት የነበረው 16 ወይም 18 ይሆናል። ማቆም አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ስኳሩ ለወራት 300 የኖረ ሰው 110 ላይ ሲደርስም የወረደ ያህል ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ሰውነቱ ከፍታውን ስለለመደ ነው። ለክቶ ከ70 በላይ ከሆነ ስኳር መጠጣት አያስፈልገውም፤ በጥቂት ሳምንታት ይለቀዋል።

«ኢንሱሊን ዓይን ያጠፋል»

ስኳር ሲወርድ የዓይን ሌንስ ውስጥ ያለው ውኃ ይለዋወጣል፣ እይታም ይደበዝዛል። በጥቂት ሳምንታት ይጠራል፤ እስከዚያ አዲስ መነጽር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ዓይንን የሚያጠፋው ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ስኳር ነው። ሆኖም ሬቲናው (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ቀድሞ የተጎዳ ሰው ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ጉዳቱ ለጊዜው ሊባባስ ስለሚችል፣ ኢንሱሊን ሲጀምር ዓይኑን ይመርመር።

«እግሬ ያበጠው ኩላሊቴን ስለጎዳው ነው»

ኢንሱሊን ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ መጠነኛ እብጠት ይመጣል፣ ይሄዳልም። ትንፋሽ ካጠረ ወይም እብጠቱ ከቀጠለ ግን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

«አንድ ቦታ ከለመደ አያምም፣ እዚያው ልውጋ»

አለማመሙ እውነት ነው፤ ጉዳቱም እዚያው ነው። ተደጋግሞ የተወጋ ቦታ ከቆዳ ሥር ስብ አብጦ እንደ እጢ ይጠጥራል። እዚያ የገባ ኢንሱሊን አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ይፈጥናል፤ ስኳሩም ይዋዥቃል። ሆድ ላይ ከእምብርት ሦስት ጣት ርቆ፣ ጭን ላይ በውጭ በኩል፣ ከትናንቱ ቦታ ቢያንስ አንድ ጣት ፈቀቅ እያሉ መውጋት ነው። ከጠጠረው ወደ ጤነኛው ቆዳ የሚዛወር ሰው ያንኑ ልክ ቢወጋ ድንገት ሊወርድበት ስለሚችል ከመዛወሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ በእነዚያ ቀናትም ቶሎ ቶሎ ይለካ።

መርፌው የሚያቃጥል ከሆነ ብዙ ጊዜ ኢንሱሊኑ ቀዝቅዞ ነው ወይም አልኮሉ ሳይደርቅ ተወግቶ ነው። ብልቃጡን በመዳፍ መካከል ማሞቅ፤ ደፍራሹን ደግሞ ሳይንጡ ቢያንስ 10 ጊዜ በእርጋታ ማንከባለል። ኢንሱሊኑ ሙሉ በሙሉ ከገባ በኋላ እስከ 10 ቆጥሮ መርፌውን መንቀል።

«ያወፍራል»

ጥቂት ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ በሽንት ይባክን የነበረው ስኳር አሁን ሰውነት ውስጥ ስለሚቀር ነው። «እንዳይወርድብኝ» እየተባለ ሳያስፈልግ የሚጠጣው ለስላሳም ያወፍራል።

«ፍሪጅ ከሌለኝ አይሆንልኝም»

የተከፈተ ብልቃጥ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ለ28 ቀን ይቆያል። በዓባይ በረሃ ሙቀት ለሚኖር ሰው እርጥብ አሸዋ በመካከላቸው የተሞላ ሁለት ማሰሮ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ፣ ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጨመርበት። በጮቄ ዙሪያ ባለው ብርድ ደግሞ ውጭ ማሳደር አይገባም፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተበላሽቷል። ኤንፒኤች ውስጥ ጓል ከታየ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ውርጭ የመሰለ ነገር ከተጣበቀ ይጣል።

«ጠበል ስገባ መርፌውን ማቆም አለብኝ»

ጠበሉና መርፌው አይጣሉም፤ ብልቃጡን ይዞ መሄድ ይቻላል። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት (ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን የማያመነጭ) ልጅ ኢንሱሊኑ ከተቋረጠ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደሙ አሲድ ሊሆን ይችላል፦ ያስታውከዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ይህ ከታየ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።