«የሮጀር አክሮይድ ግድያ»፦ አንባቢን ለሁለት የከፈለው መጽሐፍ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ገዳዩን ሳይናገሩ ስለዚህ መጽሐፍ መጻፍ አይቻልም። የአንባቢው ሙግት ሁሉ ያለው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ገና ያላነበበ ሰው እዚህ ጋ ያቁም፤ አንብቦ ይመለስ። የምሬን ነው። ይህን ልብ ወለድ መጨረሻውን ሳያውቁ የማንበብ ዕድል የሚገኘው አንዴ ብቻ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሮጀር አክሮይድ ግድያ» የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ (1890–1976) ሥራ ነው። በ1925 በለንደኑ «ኢቭኒንግ ኒውስ» ጋዜጣ ላይ በ54 ክፍል በተከታታይ ወጣ። በጁን 1926 ደግሞ ኮሊንስ በመጽሐፍ አሳተመው። ቤልጂየማዊው መርማሪ ኤርኩል ፗሮ የሚገኝበት ሦስተኛው ልብ ወለድ ነው። ክሪስቲ ከዚያ በፊትም አንባቢ ነበራት። ስሟን የተከለው ግን ይሄ ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው ኪንግስ አበት በምትባል የእንግሊዝ ገጠር መንደር ውስጥ ነው። ወይዘሮ ፌራርስ የምትባል ባለጸጋ መበለት ቬሮናል የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ከልክ በላይ ወስዳ ትሞታለች። ባሏን በመርዝ የገደለችው እሷ ናት። ይህን ያወቀ ሰው እያስፈራራ ገንዘብ ሲግጣት ኖሯል። ከመሞቷ በፊት ሊያገባት ለነበረው ለሮጀር አክሮይድ የዚያን ሰው ስም በደብዳቤ ጽፋ ትልክለታለች። ደብዳቤው በደረሰበት ምሽት አክሮይድ በገዛ ቤቱ፣ በንባብ ክፍሉ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ይገኛል። ፗሮ በዚያን ጊዜ ሥራ ትቶ እዚያው መንደር ዱባ እያበቀለ ነው። ጓደኛው ሄስቲንግስ አርጀንቲና ስለሄደ የረዳትነቱንም የተራኪነቱንም ቦታ የሚይዘው የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ሼፐርድ ነው። ጨዋ፣ ረጋ ያለ፣ ከእህቱ ከካሮላይን ጋር የሚኖር ሰው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚነግረን እሱ ነው። ገዳዩም እሱ ነው።

ሙግቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንዱ ወገን «ተታለልኩ» ይላል። ሌላው «አልተታለልክም፣ አላስተዋልክም» ይላል። ሁለቱም ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ አንድ ቦታ ነው። አራተኛው ምዕራፍ ውስጥ ሼፐርድና አክሮይድ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሼፐርድ ደብዳቤው የመጣው (በእኛ አቆጣጠር) ከምሽቱ ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን እንደነበር ይነግረናል። ከዚያ ወዲያው፣ ከክፍሉ የወጣው ለሦስት ሰዓት አስር ጉዳይ ላይ እንደሆነና ደብዳቤው ያኔም እንዳልተነበበ ይጨምራል። የበሩን እጀታ ይዞ ወደ ኋላ ዞር አለ፤ ሳይሠራው የቀረ ነገር ይኖር እንደሆነ አሰበ። ይኸው ነው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል አስር ደቂቃ አለ። ሰውየው የተገደለው በዚያች አስር ደቂቃ ውስጥ ነው። እኔ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደጨረስኩ ወደዚህ ገጽ ተመልሼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። አንድም ውሸት የለም። ሼፐርድ ራሱ መጨረሻ ላይ በዚህ ይኮራል፤ በመሃል የኮከብ ምልክቶች ደርድሬ ክፍተቱን ባሳይ ኖሮ ሰው ይጠረጥር ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም ብዬ አምናለሁ። አስከሬኑ ሲገኝ ሼፐርድ ለአንድ አፍታ ብቻውን ይቀራል፤ መደረግ ያለበትን ጥቂት ነገር አደረግሁ ይለናል። ሰሙ የሐኪም ሥራ ነው። ወርቁ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ዲክታፎን የተባለውን፣ የአክሮይድን ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያሰማውን መሣሪያ ከክፍሉ እያወጣ ነበር። ሁለቱም በአንድ ኅብረ ቃል ውስጥ ተቀምጠዋል። የቅኔው ወርቅ ያመለጠው ሰው ባለቅኔውን ውሸታም አይለውም። አስር ደቂቃዋ ግን ኅብረ ቃል አይደለችም፤ ዝም ተብላ የታለፈች ናት። እዚህ ላይ ከሳሾቹ የሚሉት ነገር እንዳላቸው እቀበላለሁ።

ከሳሾቹ ደግሞ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። አሜሪካዊው የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን በ1927 ይህ ብልሃት ለደራሲ የሚፈቀድ አይደለም ብሎ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ሃያ ሕጎች አወጣ። ከነሱ አንዱ፣ ወንጀለኛው መርማሪውን ከሚያታልልበት ውጪ አንባቢ በሌላ መንገድ ሊታለል አይገባም ይላል። እንግሊዛዊው የካቶሊክ ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 የራሱን አስር ትእዛዛት አስከተለ። አንባቢ ሐሳቡን ሲከታተለው የቆየ ሰው ወንጀለኛ ሆኖ አይገኝ፤ የመርማሪው ረዳት ያሰበውን ከአንባቢ አይደብቅ። ሁለቱም ትእዛዝ ሼፐርድን ይይዘዋል። ነገር ግን ኖክስ ራሱ ሕጉን ሲያብራራ በክሪስቲ ድንቅ ሥራዎች ምክንያት ነገሩን በቁርጥ ማስቀመጥ እንደሚከብድ ጽፏል። ይህን ብዙ ሰው አይጠቅስም፤ ቢጠቀስ ጥሩ ነበር። ከዚያ በተቃራኒ እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ በ1928 ለክሪስቲ ጥብቅና ቆመች። የሷ ክርክር አጭር ነው፦ ሁሉንም መጠርጠር የአንባቢው ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ደጋግሞ የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። ክሪስቲ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት «ዲቴክሽን ክለብ» ከተባለው የደራሲያን ማኅበር ልትባረር ነበር፣ በሴየርስ ድምፅ ተረፈች ይባላል። ማኅበሩ የተቋቋመው ግን በ1930 ነው፤ መጽሐፉ ከወጣ አራት ዓመት በኋላ። ክሪስቲ ከ1957 ጀምሮ እስክትሞት ድረስ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ነበረች።

ሐሳቡ የማን ነው የሚለውም ያከራክራል። ክሪስቲ በግለ ታሪኳ ሁለት ሰው ትጠቅሳለች። አንዱ የእህቷ ባል ጄምስ ዋትስ ነው፤ ረዳቱ ራሱ ወንጀለኛ ሆኖ የተገኘበት ታሪክ ማንበብ እፈልጋለሁ ብሏት ነበር። ሁለተኛው የእንግሊዝ ንጉሣውያን ዘመድ የሆነው ሎርድ ሉዊ ማውንትባተን ነው፤ ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦላታል። ተራኪው ራሱ ገዳይ የሆነበት ታሪክ ከሷም በፊት ተጽፏል፤ ሩሲያዊው ቼኾቭ በ1884 አካባቢ፣ ኖርዌያዊው ስታይን ሪቨርተን በ1909 ሞክረውታል። ይሁንና እንደ ክሪስቲ እያንዳንዷን ቃል በሚዛን አስቀምጦ የሠራው አለ ብዬ አላምንም።

በዲሴምበር 1926 ደራሲዋ ራሷ ለ11 ቀን ጠፍታ ሃሮጌት ከተማ ሆቴል ውስጥ ተገኘች፤ የጋዜጦች ወሬ መሆኗም መጽሐፉን ይበልጥ አስነሳው የሚሉ አሉ።

በ1944 አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን «ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ሰዎች ለምን የወንጀል ልብ ወለድ ያነባሉ ብሎ ጠየቀ። አንባቢው ተቆጣ፣ ደብዳቤው ጎረፈ፣ ሌሎች መጻሕፍት እየጠቆሙ «እስቲ ይሄን ሞክር» አሉት። በጃንዋሪ 1945 መለሰላቸው። ርዕሱ «ሮጀር አክሮይድን ማን ገደለው፣ ለማን ምን ገዶት?» የሚል መንፈስ አለው። እንዲህ ያለውን ንባብ በሲጋራና በመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ መካከል ያለ ሱስ ብሎ መደበው። ርዕሱን ብቻ ያየ ሰው ጽሑፉ ይህን መጽሐፍ የሚያብጠለጥል ይመስለዋል። ዊልሰን በዋናነት የሚወርድባቸው ግን ሴየርስና ሌሎች ናቸው። ስሙን የተዋሰው ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ መጽሐፉ ሌላ ዕጣ ገጠመው። ሐያሲው ሮላን ባርት በ1953 ስለ ተራኪ ሲጽፍ በምሳሌነት አነሳው። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ፒየር ባያር ደግሞ በ1998 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ፗሮ ተሳስቷል፣ ገዳዩ ሼፐርድ አይደለም፣ እህቱ ካሮላይን ናት ብሎ ተከራከረ። እኔን አላሳመነኝም። በ2013 የብሪታንያ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲያን ማኅበር አባላት በድምፅ የምንጊዜም ምርጡ የወንጀል ልብ ወለድ አድርገው መረጡት።

ተራው አንባቢ የሚያነሳው ቅሬታ ከሐያሲዎቹ ይለያል። ብዙዎች መሃሉ ይንዛዛል ይላሉ። የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው ማህጆንግ የተባለውን የቻይና የጠጠር ጨዋታ የሚጫወቱበት ምዕራፍ ለአንዳንዱ አሰልቺ ነው፣ ለሌላው ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያስቀው ነው። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፤ ሐሜቱ፣ የጨዋታውን ጠጠር እየመረጠች ወሬ የምትቀጥለው ካሮላይን፣ ሁሉም የሰፈር ሰው ነው። ሌላው ቅሬታ የፗሮ ፍርድ ነው። ፗሮ ሼፐርድን ወዲያው ለፖሊስ አይሰጠውም። ለእህቱ ሲል ራሱን እንዲያጠፋ መንገድ ይተውለታል። ይህን ደግነት የሚለው አለ፤ ከሕግ በላይ መሆን ነው ብሎ የሚቆጣም አለ። መጨረሻውን ቀድሞ ሰምቶ የገባ አንባቢ ደግሞ «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ይዘጋዋል።

ካሮላይንን የሚጠላ አንባቢ ግን እምብዛም አይገኝም። ከቤት ሳትወጣ የመንደሩን ምስጢር ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። በ1928 ታሪኩ «አሊባይ» ተብሎ ለንደን ላይ ተውኔት ሲሆን ቻርልስ ላውተን ፗሮን ተጫወተ፤ ካሮላይንን ግን አንስተው በአንዲት ወጣት ቆንጆ ተኳት። ክሪስቲ አልተደሰተችም። ሌላዋ የክሪስቲ መርማሪ፣ አሮጊቷ ሚስ ማርፕል የተወለደችው ምናልባት ከዚያ ቅሬታ ይሆናል ብላ ጽፋለች።

«ፍንጭ አልተሰጠንም» ለሚሉ አንድ ቦታ ልጠቁም። ሼፐርድ ከአክሮይድ ክፍል የወጣው ለሦስት ሰዓት አስር ጉዳይ ላይ ነው ብለናል። የግቢውን የውጭ በር ሲያልፍ ግን የመንደሩ ሰዓት ሦስት ሰዓት ይደውላል። ከቤቱ እስከ በሩ የእግር መንገድ አምስት ደቂቃ ነው። ፗሮ ይህን ልዩነት ልብ ብሎታል።