መንታ ክሪስታሎች፦ አንዳንድ ማዕድናት ለምን ተጣምረው ያድጋሉ?

መንታ ክሪስታል የሚባለው የአንድ ማዕድን ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ክሪስታሎች በተወሰነ የጂኦሜትሪ ሕግ ተጣምረው የሠሩት አካል ነው። ክሪስታሎች ጎን ለጎን በመብቀላቸው ብቻ መንታ አይባሉም፤ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ወይም በአንድ ዛቢያ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በ180 ዲግሪ፣ የዞረ አምሳያ መሆን አለበት። ይህ ግንኙነት የነጠላው ክሪስታል የራሱ ሲሜትሪ (ሲዞር ወይም በመስተዋት ሲታይ ሳይለወጥ የመቅረት ጠባይ) ሊሆን አይችልም፤ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ክፍሎች አንድ አቅጣጫ ይዘው አንዱን ከሌላው መለየት ባልተቻለ ነበር።

መንታነት በመሠረቱ የአደራደር ስህተት ነው፤ ሆኖም ኢነርጂ የማያስከፍል፣ ወይም እጅግ ጥቂት የሚያስከፍል ስህተት። በመዳብና በወርቅ ክሪስታል ውስጥ የአቶም ንብርብሮች ሀ፣ ለ፣ መ ብለን ልንሰይማቸው በምንችል ሦስት አቀማመጦች እየተፈራረቁ «ሀለመሀለመ» በሚል ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። አንድ ንብርብር ቦታውን ስቶ ቅደም ተከተሉ «ሀለመለሀ» ቢሆን፣ ከ«መ» ወዲያ ያለው ክሪስታል ከወዲህኛው የመስተዋት ምስል ይሆናል። በወሰኑ ላይ ያለው አቶም ግን እንደ ቀድሞው 12 የቅርብ ጎረቤቶች አሉት፤ ለውጡ የሚሰማው ከእነርሱ ራቅ ባሉት አቶሞች ብቻ ነው። በገበታ ጨው ውስጥ ተመሳሳይ ስህተት ቢፈጠር አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አዮኖች ያቀራርባል። መገፋፋቱ ስለሚበረታ የዚህ ማዕድን መንታዎች በተፈጥሮ ብርቅ ናቸው።

ታዲያ አንድን ማዕድን ለመንታነት የሚያጋልጠው፣ አወቃቀሩ የራሱ ያልሆነ ሲሜትሪ ሊኖረው ጥቂት የቀረው መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ፍሪዴል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን ሐሳብ በሥርዓት ሲያብራራ፣ የአቶሞቹ መደበኛ አደራደር ከአንዱ መንታ ወደ ሌላው በትክክል ወይም በግምት የሚቀጥል ከሆነ መንታነት እንደሚጠበቅ አሳይቷል። አራጎናይት በተባለው ማዕድን ውስጥ በሁለት የጎን ገጾች መካከል ያለው ማዕዘን 116 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ለ120 ዲግሪ ስለሚቀርብ ሦስት ክሪስታሎች ተጣምረው ባለ ስድስት ጎን የሚመስል ዓምድ ይሠራሉ። የሚያስደንቀው ግን ስታውሮላይት የተባለው ማዕድን ነው፦ ሁለት በትሮች እርስ በርስ ሰርስረው በ90 ወይም በ60 ዲግሪ ገደማ መስቀል ይሠራሉ፤ የሰው እጅ የቀረጸው እስኪመስል ድረስ።

አሜሪካዊው ማርቲን በርገር በ1945 እ.ኤ.አ. መንታዎችን በአመጣጣቸው በሦስት መድቧቸዋል፤ ምደባው ዛሬም ያገለግላል። የመጀመሪያው በዕድገት ወቅት የሚፈጠር ነው። ማዕድኑ የሟሟበት ፈሳሽ ከመጠን በላይ ሲጠግብ አቶሞች በጥድፊያ ስለሚቀመጡ፣ የተሳሳተ ቦታ የያዙት ተመልሰው ሳይስተካከሉ በሌሎች ይሸፈናሉ። ስህተቱ አንዴ ከጸና ደግሞ ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበት ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ለአዳዲስ አቶሞች ምቹ መቀመጫ ይሆናል። የጃፓን ሕግ በሚባለው የኳርትዝ መንታ፣ ሁለቱ ክፍሎች በ84 ዲግሪ ተኩል ገደማ ተገናኝተው ሳለ፣ በአጠገባቸው ካሉት ነጠላ ክሪስታሎች ብዙ ጊዜ ጠፍጠፍና ተለቅ ብለው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው ተብሎ ይታሰባል።

ሁለተኛው ከአወቃቀር ለውጥ ይመጣል። ኳርትዝ ከ573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ ከሲሜትሪው ከፊሉን ያጣል፤ የክሪስታሉ የተለያዩ ክፍሎች እኩል ከሆኑት ሁለት አቅጣጫዎች የየራሳቸውን ሲይዙ የዶፊኔ መንታ የሚባለው ይወለዳል። ማይክሮክላይን የተባለው ፌልድስፓር በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚያሳየው እንደ ጨርቅ የተሸመነ ጥለትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው።

ሦስተኛው የግፊት ውጤት ነው። የካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን፣ ጠርዝ በቢላ ስለት በጥንቃቄ ሲጫን፣ ከፊሉ ሳይሰበር ተንሸራትቶ መንታ ይሆናል። ተራሮች ሲታጠፉ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከመንታ ሰቆቹ አቅጣጫ በድንጋዩ ላይ ያረፈውን ግፊት፣ ከውፍረታቸው ደግሞ የወቅቱን ሙቀት ይገምታሉ።

መንታነት በኢንዱስትሪ ዘንድ የሚወደድ ጠባይ አይደለም። በሰዓትና በሬዲዮ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚሠራው ሲጫኑት ኤሌክትሪክ በማመንጨት ባሕርይው ሲሆን፣ በዶፊኔ መንታ ውስጥ የሁለቱ ክፍሎች የኤሌክትሪክ አቅጣጫ ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ያጣፋል። ይህ መንታ በፖላራይዝድ ብርሃን (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን) እንኳ አይለይም፤ የሚጋለጠው የተቆረጠው ገጽ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ተበልቶ ሁለቱ ክፍሎች የተለያየ ነጸብራቅ ሲሰጡ ነው።