የእይታ ተዋረድ በግዕዝ ፊደል ገጽ ላይ

የእይታ ተዋረድ የአንባቢ ዓይን መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን የግራፊክ ዲዛይን ዘዴ ነው። መሣሪያዎቹ መጠን፣ ቀለም፣ ውፍረት፣ ክፍት ቦታና አቀማመጥ ናቸው። በላቲን ጽሑፍ ከሥራው ከፊሉን የሚሸከሙት ካፒታል (ትልልቅ) ፊደላትና ኢታሊክ (ዘንበል ያለ ጽሕፈት) ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል በትውፊቱ ሁለቱንም አያውቅም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ግን ያለ እነርሱ ለዘመናት የዘለቀ፣ እጅግ የረቀቀ ሥርዓት ሠርተዋል።

በዚህ ሥርዓት ቀዳሚው ቀይ ቀለም ነው። መጽሐፉ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ በቀይ ይጀምራል፤ በብዙ መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ሁለት በቀይ ሁለት በጥቁር እየተፈራረቁ ከሄዱ በኋላ ጽሑፉ ወደ ጥቁር ይገባል። ከዚያ ወዲያ ቀይ የሚነካቸው የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስሞች እንዲሁም የምዕራፍ መነሻዎች ናቸው። በተአምረ ማርያም ላይ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስምም በየተአምሩ መጨረሻ በቀይ ይገባል። አንዳንድ ብራናዎች ላይ የስሙ ቦታ ሳይሞላ ባዶውን ቀርቶ ይታያል፤ ጸሐፊው ጥቁሩን ጽፎ ለቀዩ ቦታ ይተው እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። በሌላ አነጋገር የገጹ አቀማመጥ አስቀድሞ ይታሰብ ነበር።

ከቀይ ቀጥሎ ሐረግ ይመጣል። በገጹ ራስ ላይ እየተጠላለፈ የሚወርደው ይህ ጌጥ «መጽሐፉ እዚህ ይጀምራል» የሚል ምልክትም ነው። በዳዊት ላይ በየአሥሩ መዝሙር የጌጥ መስመር ይገባል፤ እያንዳንዱ ስንኝ በአዲስ መስመር ይነሳል፤ የተረፈችው ቃል ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ትጻፋለች እንጂ የሚቀጥለውን ስንኝ ቦታ አትሻማም። ዳዊት የሚደግም ሰው ያቆመበትን ፈልጎ የማይደክመው በዚህ ነው። በዜማው መጽሐፍ በድጓ ደግሞ ሁለት ንባብ በአንድ መስመር ይኖራል፦ ቃሉ ጎላ ብሎ ከታች፣ የዜማው ምልክት በደቃቅ ፊደል ከላይ። ምልክቱን የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ዝግጅት ነው። ቁም ጸሐፊው ብርዕ ከማንሣቱ በፊት የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መስመር ይጭራል፤ የግርጌውን ኅዳግ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ አስፍቶ ይተዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር ዘመን የዳበረው ጉልሕ ጽሕፈት በሰፊ ብራና ላይ ከሩቅ የሚነበብ ነው።

የጥንታዊነቱ ምስክር አድዋ አጠገብ በሚገኘው ገዳም ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ነው። በመግቢያው በቀለማት በተሣሉ ቅስቶች ሥር የቂሳርያው አውሳብዮስ የወንጌላት ማመሳከሪያ ቁጥሮች በዓምድ ተደርድረዋል፤ ይህን ያህል ቁጥር በአንድ እይታ እንዲያዝ ያደረገው ቅስቱ ነው። ትውፊት መጽሐፉን የጻፉት አባ ገሪማ ራሳቸው መሆናቸውን ይናገራል። የቀድሞ ሊቃውንት ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን ዝቅ ያደርጉት ነበር፤ የካርቦን ምርመራ ግን ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ስላስቀመጠው የዕድሜው ጉዳይ እልባት አግኝቷል ማለት ይቻላል።

የኅትመቱ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ በታተመው ዳዊት ይጀምራል፤ በአገር ቤት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። በጽሕፈት መኪና ዘመን ቃል ማጉላት ማለት ከሥሩ ማስመር ነበር።

የሁለት ቋንቋ ገጽ ሲነሳ ነጋሪት ጋዜጣ ይጠቀሳል። አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ዓምድ ይቀመጣሉ። ዓይን ከግራ ስለሚጀምር አማርኛው ቀድሞ ይታያል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅም በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢፈጠር አማርኛው የበላይ እንደሚሆን ደንግጓል። አቀማመጡና ሕጉ ተስማምተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደሉ ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ከገባ በኋላ ትልቁ ችግር ውፍረት ሆነ። ለምሳሌ ናያላ የተባለው ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ አለው። ቦልድ (ወፍራም ፊደል) ሲታዘዝ ፕሮግራሙ ፊደሉን በግድ ያደልበዋል፤ በትንሽ መጠን ሲሆን የኃምሱ (የአምስተኛው ፊደል) ቀለበት ይደፈናል፤ «ቤ» ከ«ቢ» መለየት ያቅታል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭን እስከ ወፍራም በትክክል የተሣሉ ፊደላት ስላሉት ለርዕስና ለዝርዝር ሁለት ውፍረት መርጦ መሥራት ያስችላል። ሌላ ፎንት ከሌለ ከማደለብ ይልቅ መጠን መጨመር ወይም ቀይ መጠቀም እጅግ የተሻለ ነው። ፖስተር የሚሠራ ሰው ራቅ ብሎ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲያየው የዝግጅቱ ስም፣ ቀኑና ቦታው በዚህ ተራ ካልታዩት አቀማመጡ ገና ነው።

ቃላትን የሚለየው ሁለት ነጥብ በክፍት ቦታ መተካቱ አሁንም ያከራክራል። ነጥቡ ገጹን ወጥ ያደርገዋል፤ ክፍት ቦታው ግን እያንዳንዱን ቃል ለዓይን ነጥሎ ያወጣል። ነጥቡን በትልልቅ ርዕሶች ላይ የሚመልሱ ዲዛይነሮች አሉ፤ እዚያ ያምርበታል፤ በስልክ ስክሪን ላይ በትንሽ መጠን ግን ከፊደሉ እግር ጋር ይቀላቀላል።