የሄቪ ሜታል ፍሪላንስ ፀሐፊዎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሄቪ ሜታል ጊታሩ የከበደ፣ ድምፁ የጮኸ የሮክ ዓይነት ነው፣ የሄቪ ሜታል ፍሪላንሰር የሚባለው ደግሞ የአንድ መፅሄት ቋሚ ሰራተኛ ሳይሆን በፃፈው ልክ እየተከፈለው ስለ ባንዶች፣ አልበሞች፣ ኮንሰርቶችና ስለ አድማጩ የሚፅፍ ሰው ነው። ስለ ባንዶቹ ብዙ ተብሏል፣ ታሪካቸውን መዝግበው ስላቆዩልን ፀሐፊዎች ግን በአማርኛ ምንም የለም ማለት ይቻላል፣ ለዛ ነው ይሄ የተሰባሰበው። የእንግሊዙ ክፍል የበዛው በደንብ የተመዘገበው እሱ ስለሆነ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹ የሮክ መፅሄቶች ለሜታል ፊት አልሰጡትም። ብላክ ሳባት በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ሌስተር ባንግስ ሮሊንግ ስቶን ላይ አጣጥሎ ነው የፃፈበት፣ አልበሙ ግን ይሄው እስከዛሬ ይሰማል።

ነገሩ የተቀየረው ለንደን ላይ ነው። ሳውንድስ የሚባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ሰዉ ሁሉ ስለ ፓንክ በሚያወራበት ሰዓት ለሜታልም ገፅ ሰጠ። ኒል ኬይ የሚባል ዲጄ ኪንግስበሪ ሰፈር አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ሜታል እያጫወተ፣ ታዳሚው የሚጠይቃቸውን ዘፈኖች ቆጥሮ የደረጃ ሰንጠረዥ ያወጣል፣ ሳውንድስ ደግሞ ያንን ያትመዋል፣ እና አይረን ሜይደን ገና ከማንም ጋር ሳይፈራረም በዴሞ (ለሙከራ በተቀረፀ ቅጂ) ብቻ እዛ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። በሜይ 1979 ኤንጅል ዊች፣ አይረን ሜይደንና ሳምሰን ካምደን ውስጥ አንድ ምሽት ላይ ሲጫወቱ የሳውንድሱ ፀሐፊ ጂኦፍ ባርተን ሄዶ አይቶ ፃፈው፣ "አዲሱ የብሪታንያ ሄቪ ሜታል ማዕበል" የሚባለው ስምም የመጣው ከዛ ፅሁፍ ጋር ነው። ስሙን ያወጣው ኤዲተሩ አለን ሉዊስ ነው ይባላል፣ ሰዉ ጋ ያደረሰው ግን ያለ ጥርጥር ባርተን ነው።

በጁን 1981 ያው ባርተን ኬራንግ የተባለውን የሜታል መፅሄት ከሳውንድስ ጋር ተያይዞ እንደሚወጣ የአንድ ጊዜ እትም አዘጋጀው፣ ሽፋኑ ላይ የኤሲዲሲው አንገስ ያንግ ነበር። ሰዉ ስለወደደው ቀጠለ፣ በ1987 ሳምንታዊ ሆነ። ከፀሐፊዎቹ ዣቪየር ራስል እንጀራው የፊልም ኤዲቲንግ ነበር፣ ግን ሜታሊካን ለእንግሊዝ አንባቢ ቀድመው ካስተዋወቁት አንዱ እሱ ነው። ማልኮም ዶም ደግሞ በ1984 ስለ አንትራክስ ሲፅፍ በጣም ፈጣን ለሆነው የሜታል ዓይነት "ትራሽ ሜታል" የሚለውን ስም ተጠቀመ፣ ከዛ በኋላ ዓለም ሁሉ የያዘው እሱን ነው። ዶም በ2021 አረፈ፣ የዚህ ሙያ ታሪክ ያለሱ አይፃፍም።

አሜሪካ ውስጥ ስራውን የያዙት የራሳቸውን መፅሄት አባዝተው በፖስታ የሚልኩ ልጆች ነበሩ። ሳን ፍራንሲስኮ የነበረው ሮን ኩዊንታና ለመፅሄቱ ስም ሲያማርጥ ዝርዝሩን ለጓደኛው ላርስ ኡልሪክ አሳየው፣ ላርስም ሜታሊካ የሚለውን ለራሱ ባንድ ወሰደው፣ የኩዊንታናው መፅሄት ሜታል ማኒያ ተባለ። ሎስ አንጀለስ ላይ እንደዚሁ የራሱን መፅሄት ያዘጋጅ የነበረው ብራያን ስሌገል በ1982 ሜታሊካ ያለበትን የባንዶች ስብስብ አልበም አውጥቶ ሜታል ብሌድ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት መሰረተ። ኖርዌይ ውስጥ ጆን ክሪስቲያንሰን ከ1985 ጀምሮ ስሌየር የተባለውን መፅሄት አዘጋጅቷል። ኬራንግ በ1993 የኖርዌይ ብላክ ሜታል ሙዚቀኞች ያስነሱትን የቤተክርስቲያን ቃጠሎ ሽፋኑ ላይ ማውጣቱ እስካሁን ያከራክራል፣ አንዳንዶች ወንጀለኞቹን ዝነኛ አደረጋቸው ይላሉ።

ስለ አሰራሩ፦ ፀሐፊው ሀሳቡን ለኤዲተር ይልካል፣ ተቀባይነት ካገኘ የቃላት መጠንና የማስረከቢያ ቀን ይሰጠዋል፣ አልበሙ ከመውጣቱ በፊት በስሙ ምልክት የተደረገበት ቅጂ ይላክለታል፣ ፅሁፉን ግን እስከ ተባለው ቀን ድረስ ማውጣት አይችልም። ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃ ነው፣ ዘፋኙ በተርታ ለብዙ ጋዜጠኛ ስለሚያወራ። ጊዜ የሚበላው የቃለ መጠይቁን ድምፅ እየሰሙ ወደ ፅሁፍ መገልበጥ ነው፣ ሂሳቡ ደግሞ ፅሁፉ ከወጣ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ አብዛኛው ሌላ ስራ ይዞ ነው የሚፅፈው። ፊላደልፊያ ላይ በ2004 የተጀመረው ዴሲብል ስለ ታላላቅ አልበሞች የሚያወጣው ቋሚ አምድ አለው፣ ደንቡም አልበሙ ላይ የተጫወቱት በህይወት ያሉት በሙሉ መናገር አለባቸው፣ አንዱ እምቢ ካለ ፅሁፉ አይወጣም። የተጣሉ የባንድ አባላትን አንድ በአንድ እየለመኑ ማናገር ምን ያህል ትዕግስት እንደሚጠይቅ አስቡት።

ሙያው ቀላል ጊዜ አላሳለፈም። ሳውንድስ በ1991 ተዘጋ። ሜታል ሀመር የተባለውን መፅሄት የያዘው ቲምሮክ የሚባል ድርጅት በዲሴምበር 2016፣ ልክ ገና ሊደርስ ሲል፣ ከስሮ 73 ሰራተኛ ያለ ደሞዝ ወጣ፣ የኦሬንጅ ጎብሊኑ ዘፋኝ ቤን ዋርድ መዋጮ ከፍቶ አድማጩ ከ70 ሺ ፓውንድ በላይ አዋጣ። ፊውቸር የተባለው ድርጅት በ2013 ለቲምሮክ በ10.2 ሚሊዮን ፓውንድ የሸጣቸውን መፅሄቶች በጃንዋሪ 2017 በ800 ሺ መልሶ ገዛ።

ስለ አፍሪካ ሜታል አገር ላገር ዞሮ መፅሐፍ የፃፈው አሜሪካዊው ፍሪላንሰር ኤድዋርድ ባንክስ ነው። የኛ አገር ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ኤርታሌ የተባለውን አልበም ያወጣው በ2012 ነው፣ ሜታል ነው ባይባልም ጊታሩ ከበድ ያለ ሮክ ነው፣ እና ስለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ በአማርኛ ልፃፍ የሚል ሰው ከሱ ቢጀምር ጥሩ ነው።